መኪናዋን ቤት ትቶ የጠየቀው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ የሚተዳደረው በአንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበር። አንድ ቀን በጠጠር መንገድ ሲመለስ ከታች ድንጋይ መታትና ማጓራት ጀመረች። ጭሱም ጋቢና ውስጥ እየገባ ዓይኑን አስለቀሰው። ሰውዬው ሳይወርድ ፈረደ፦ ድምፅ ማፈኛው ማርሚታ ተቀዷል፣ የጭስ ማጣሪያውም አብሮ ሄዷል። ማጣሪያ ውድ ዕቃ ነውና ክው አለ።

ሐሙስ ደግሞ ባሏ የሞተባት የአንዲት ገበሬ ሽንኩርት ሊጭን ቃል ገብቷል። ሽንኩርቱ ተነቅሎ ማሳው ዳር ተከምሯል። በቀኑ ካልተጫነ የሴትዮዋ የዓመት ልፋት ይበሰብሳል።

ታዲያ ምን አደረገ? መኪናዋን ግቢ አቁሞ በእግሩ ወጣ። «ካዩዋት ችግሬን ያውቃሉ፤ ችግሬን ካወቁ ዋጋ ይቆልሉብኛል» ብሎ ነው። ብልጥ መሆኑ ነው እንግዲህ።

መጀመሪያ መለዋወጫ ሻጩን ጠየቀ። «ማጣሪያው ከተነካ ሁሉንም በአዲስ ቀይረህ መገላገል ነው» አለው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ግን ሳቀ። «ርካሹ አዲስ ስድስት ወር አይቆይም። ከተገጨ መኪና የወረደ ዋናው ዕቃ እኔ ጋ አለ።» በያጁ «ምን አስገዛህ? እበይድልሃለሁ» አለ። አንድ ሹፌር ወዳጁ ደግሞ «ማጣሪያውን ቆርጠህ ጣልና ቀጥ ያለ ቱቦ አስበይድበት» ብሎ መከረው። ዓመታዊ ምርመራው ላይ ምን እንደሚሉት ግን አልነገረውም።

ሰውዬው ግራ ገባው። አንዱን ሲሰማ ልክ ነው ይላል፣ ሌላውንም ሲሰማ ልክ ነው ይላል። ቤቱ ገብቶ ምሳ ሲቀርብለት ማርሚታ፣ ሚስቱ ስታናግረው ማጣሪያ ሆነበት። ረቡዕ ጠዋት ጭንቀቱ ሲበዛበት ሄዶ ያገለገለ ማጣሪያ ገዛ። ልኩን ለሻጩ በግምት፣ በስንዝር ነበር የነገረው። ቤት አምጥቶ ከመኪናዋ ጎን ሲያስተያየው ከቦታው በአንድ ስንዝር ይረዝማል። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄዶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ሽማግሌው ቀና ሳይሉ «መኪናዋ የታለች?» አሉት።

«ቤት ናት።»

«እንግዲያው አምጣት። ያላየሁትን አላክምም።»

አመጣት። እያጓራች በሰፈሩ መሃል ስታልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት በሃፍረት አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ከሥር ገብተው አንዴ ኳ፣ አንዴ ኳ አደረጉና «ና፣ አንተም ግባና እይ» አሉት። ለካ ሰውዬው ራሱ ጎንበስ ብሎ አላያትም ኖሯል። ማጣሪያው ደህና ነው። ማርሚታው ጎኑ ጎድጎድ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም። የተሰነጠቀችው በሁለቱ መሃል ያለች የክንድ ያህል ቱቦ ናት፤ መያዣዋም ተበጥሷል። ሽማግሌው ያገለገለች ቱቦ ፈልገው ቀየሩለት፣ መያዣውን በየዱት፣ አለቀ። ሐሙስ ሽንኩርቱ ተጫነ። ያ በስንዝር የገዛው ማጣሪያ ግን ዛሬም ግቢው ውስጥ አለ፤ ዶሮ ይቆምበታል።

እንግዲህ ደምመላሽ፣ አንተም ሚስትህ እናቷ ቤት ከሄደች ወዲህ ምን ላድርግ እያልክ ስትዞር ከረምክ። ወንድምህ ተዋት አለህ፣ ጎረቤትህ ሽማግሌ ላክ አለህ፣ አክስትህ ወርቅ ግዛላት አለችህ። ዛሬ ደግሞ እኔን የማንን ልስማ ትለኛለህ። አንዳቸውም አልዋሹህም፤ በነገርካቸው ልክ መለሱልህ። መኪናዋን ቤት ትተህ ነዋ የዞርከው። ለእኔም ቢሆን ተጣላን ከማለት በቀር ያልከው ነገር የለም። ማፈርህን አውቃለሁ፤ ያም ሰው አፍሮ ነው የነዳት። በል አሁን ቁጭ በልና ንገረኝ፤ የሄደች ዕለት ጠዋት ምን ብለሃት ነበር?