ፊቱን ያዞረው ቄሣር

ልጆች፥ ጠጋ በሉ። እናንተ ጆሮ አምጡ፥ እኔ ተረት አለኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጎቶች የሚባሉ ሕዝቦች የሮማን አገር በጦር ያዙ። አገሩን ያዙ እንጂ ገበያውን አልያዙም። ነጋዴ ሁሉ፥ «የሮማ ቄሣር ፊት የሌለበትን ወርቅ አንቀበልም» አለ። ስለዚህ የጎቶች ንጉሥ የቄሣሩን መልክ አስመስሎ የወርቅ ገንዘብ ያስመታ ነበር።

የአንጥረኞቹ አለቃ ኤሩልፍ የንግሥቲቱ ወንድም ነው። መሮ ጨብጦ አያውቅም። ወርቁ የሚመታበትን ማተሚያ ብረት የሚቀርጸው ሲንዲላ የሚባል ድሃ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ንጉሡ ወርቁን አይቶ፥ «ይህን የቀረጸ እጅ ይባረክ!» አለ። ኤሩልፍ ቀና። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት» ብሎ ለቀራጩ የተሸለመውን ካባ ወሰደ።

በሁለተኛውም ዓመት ንጉሡ፥ «ይህ እጅ ይባረክ!» አለ። ኤሩልፍ ቀና። «እኔ ነኝ የቀረጽኩት» ብሎ የተሸለመችውን በቅሎ ወሰደ። ካባ ለብሶ፥ በቅሎ ተቀምጦም ቅናቱ አልበረደለትም። እጁ የሲንዲላ ነዋ!

በሦስተኛው ዓመት ንጉሡ ማተሚያውን በሲንዲላ እጅ አየው። ኤሩልፍ ፈጠን ብሎ፥ «የእኔ ነው፤ ሰርቆኝ ነው!» አለ። የሌባ ቅጣት ቀኝ እጁን መቆረጥ ነበር።

«ካባውን ወሰዱ፥ ዝም አልኩ። በቅሎዋን ወሰዱ፥ ዝም አልኩ። እጄ ምን ያደርግልዎታል?» አለ ሲንዲላ።

ኤሩልፍ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፥ «ለእኔ ካልሆነ ለአንተም አይሁን» አለው።

ሲንዲላ ወደ ንጉሡ ዞረ። «ንጉሥ ሆይ፥ ማተሚያው የእርሳቸው ከሆነ፥ እዚሁ ፊትዎ ሌላ ይቅረጹ።»

ኤሩልፍ አንድ ወርቅ አጠገቡ አስቀምጦ መልኩን እንዳለ ቀረጸው። በወርቁ ላይ ቄሣሩ ወደ ቀኝ ያያል፤ በብረቱም ላይ ወደ ቀኝ እንዲያይ አደረገው።

«ምነው ሲንዲላ፥ ዝም አልክ?» አለ ኤሩልፍ።

«እጅዎን እያደነቅሁ ነው፥ ጌታዬ።»

ወርቁ ተመታ። ቄሣሩ ወደ ግራ ዞረ። ፊደሉም ሁሉ የኋሊት ሄደ። አንድ ነጋዴ አገላብጦ አየና፥ «ምን ብታስቀይሙት ነው ፊቱን ያዞረባችሁ?» ብሎ ሳቀ።

«ተገልብጦ ያልተቀረጸ ማተሚያ ገልብጦ ያትማል» አለ ሲንዲላ። «ይህን መሮ የጨበጠ ሁሉ ያውቃል።»

ድሃ ቢሆን ኖሮ የኤሩልፍ እጅ ይቆረጥ ነበር፤ የንግሥቲቱ ወንድም ነውና ምሕረት አገኘ። ግን ንጉሡ ካባውን አስወልቆ፥ አለቅነቱን ለሲንዲላ ሰጠ። ኤሩልፍንም ወናፍ ነፊ አደረገው። እስኪሞት ድረስ ወናፉን ሲነፋ፥ ዓይኑ ከሲንዲላ እጅ ላይ ተነሥቶ አያውቅም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይህ ነው።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ምርቃቴን አትንፈጉኝ።