ላስቲክ የለበሰው ወንበር

አንድ የከተማ ስፖርት ክበብ ኃላፊ ነበሩ። ለክበባቸው የቴኒስ ዊልቸር በስጦታ መጣላቸው፤ ጎማዎቹ ከታች ሰፋ ብለው የተንጋደዱ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ቀላል ወንበር።

በርክክቡ ቀን እግሮቿ የማይንቀሳቀሱ ትርንጎ የምትባል ወጣት ተጠርታ ከነማሸጊያ ላስቲኩ ተቀመጠችበት። ራኬት አስያዟት፤ ተጨበጨበ፤ ፎቶ ተነሳ። ጎማውን ነካ ብታደርገው ወንበሩ ባለበት ሽው ብሎ ዞረላትና ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቴኒስ ከመጫወት ሌላ ምኞት አልነበራትም። እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ኃላፊው "በይ ልጄ፣ በቃ" ብለው አስወረዷት። ወንበሩ ቢሮ ገብቶ ተቆለፈበት።

"ጋሼ፣ መቼ ነው የምጀምረው?" ትላለች በመጣች ቁጥር።

"ሜዳው አፈር ነው፣ ይቆሽሻል። መጀመሪያ ልመጂ፣ ከዚያ እሰጥሻለሁ።"

"በምን ልልመድ?"

ኃላፊው የቢሮውን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ በቤታቸውም ጥሩ ጥሩው ሰሃን ለእንግዳ ተብሎ ቡፌ ውስጥ ነው የሚኖረው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ትርንጎ ትጠራለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ ትወርዳለች። የክበቡ ግድግዳ በፎቶዋ ተሞላ። ኳስ ግን አንድም ቀን መትታ አታውቅም።

በመጨረሻ ውድድር መጣ። የከተማው ስም መጠራት አለበትና ላስቲኩ በዚያው ጠዋት ተቀደደ። ትርንጎ ጎማውን ትግፋ፣ ራኬቱን ትያዝ ግራ ገባት። ኳሱ በጎኗ እያለፈ፣ አንድም ነጥብ ሳታገኝ ተሸነፈች። ተመልካቹ ከንፈሩን መጠጠ።

"እኛ ያልሰጠናት ነገር የለም" አሉ ኃላፊው አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው። "ምን ታድርግ፣ እግር የላት!"

ትርንጎ ሰማቻቸው። እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

"ጋሼ፣ ያሸነፈችኝም እኮ እግሯ አይሄድም። ወንበሯን አይተውታል? ቀለሙ ተልጦ ጭቃ ደርቆበታል።"

ኃላፊው ወንበሩን አሳጥበው አዲስ ላስቲክ አለበሱት። ትርንጎ ከዚያ ወዲህ ስትጠራ አልመጣችም። ፎቶዋ ግን ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ የገባ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል።

ወገኖቼ፣ ሰጥቶ የቆለፈ አልሰጠም። ሰውን ከመጀመር ከልክለን ሲሸነፍ ከንፈር ብንመጥጥለት፣ ያ ሀዘን የራሳችንን ጥፋት መሸፈኛ ነው። እስቲ ዞር ብላችሁ እዩ፤ እንዳይቆሽሽ ብላችሁ ላስቲክ ያለበሳችሁት የማን ዕድል ነው?