የነጻው ውሃ ተሸካሚዎች

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ የጨው ሱቅ ከፈተ። ሱቁ በአንድ መንደር ተጀምሮ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ እየጨመረ ሰባት አገር አዳረሰ። ቆላ ቢወርዱ የአንበሶ ጨው፣ ደጋ ቢወጡ የአንበሶ ጨው ሆነ። ትንንሾቹ ነጋዴዎች፣ እነ ጃርትና እነ ከርከሮ፣ ሱቃቸውን ዘግተው ቤታቸው ገቡ።

ጨውን ከበረሃ የሚያመላልሱት አህዮች ነበሩ፤ አለቃቸው ደግሞ አያ ጅቦ። አንበሶ ከጅቦ ጋር የተዋዋለው ውል አጭር ነው፤ መንገድ ላይ የወደቀች አህያ የጅቦ ደመወዝ ናት። እንዲህ ያለ ውል የፈረመን አንበሳ ብልህ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከአህዮቹ አንዷ ዳለቻ ትባላለች። ጀርባዋ ከቆሰለ ወር አልፎታል። ውሉን ስለምታውቅ ግን እየተንገዳገደችም ቢሆን ሳትወድቅ ትሄዳለች።

ውሎ አድሮ ገበያተኛው ማጉረምረም ጀመረ። «ይህ ሱቅ ከአገር ይወስዳል እንጂ ለአገር አይሰጥም» አለ። አንበሶም ጅቦን ጠርቶ «ለሕዝቡ አንድ በጎ ነገር አድርግ» ሲል አዘዘው። ጅቦ በጎ ነገር ምን እንደሆነ ስላላወቀ ወደ እመት ቀበሮ ሮጠ።

«በየሱቁ ደጅ ገንዳ አስቀምጥ፤ ለተጠማ ሁሉ ውሃ በነጻ!» አለችው ቀበሮ። «ገንዳው ላይ የጌታችንን የአንበሶን መልክ አሥልበት። የጠጣ ያመሰግናል፣ ያመሰገነ ይገዛል።»

«ውሃውንስ ማን ያመጣዋል?»

«አህዮቹ ምን ሥራ አላቸው?»

እውነትም ገበያው ደራ። ጅቦ ግን ሁለት ጉዞ እንዳይሆንበት ብሎ ከበረሃው ዳር የተቀዳ ውሃ የሞላውን ስልቻ ከጨው ጭነቱ ላይ ደረበው፤ የቀትር ዕረፍታቸውንም አስቀረ። ስልቻው ሲያንጠባጥብ ጨዉ ይሟሟል፤ የሟሟው ጨው ደግሞ የዳለቻ ቁስል ላይ ይወርዳል። ያንን ሥቃይ ያልቀመሰ አያውቀውም።

«አያ ጅቦ፣ ኧረ እባክዎ ውሃውን ለብቻው ይጫኑልን» ብትለው፣ «ስትወድቂ ታርፊያለሽ» ብሎ ከንፈሩን ላሰ።

ዓመቱ ሲያልቅ አንበሶ መጋዘኑን ሊያይ መጣ። ምስጋናው ሰማይ ደርሷል፤ ጨዉ ግን በግማሽ ጎድሏል።

«ምን በላው?» አለ።

«ደግነት ነው ያከሰረን፣ ጌታዬ! ውሃው ይቅር» አለ ጅቦ። አብራቸው የነበረችው ቀበሮ የነገሩን አያያዝ አይታ ቀስ ብላ ሾልካለች።

በዚያው ሰዓት ዳለቻ ጭነቷን እንደተሸከመች ደረሰች። ጅቦም ዓይኑን ጥሎባታል። ከወደቀች አለቀላት።

«ጌታዬ፣ ያከሰረዎ ደግነት አይደለም» አለች። «እስቲ አንድ ጊዜ ጀርባዬን ይዩልኝ።»

አንበሶ ጭነቱን በመዳፉ ገለጥ አደረገው። አሞሌ ጨዉ ተቦርቡሮ አልቋል፤ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል። አንበሶ አፈረ።

«ለካ እንግዳ የማጠጣው በቤተሰቤ ቁስል ላይ ነው!» አለ።

እዚያው ውሉን ቀደደ። የቆሰሉት እስኪድኑ እንዲያርፉ፣ ውሃው ለብቻው እንዲጫን፣ ቀትር ላይም ጭነት እንዲራገፍ አዘዘ። ገንዳውም ከየደጁ አልተነሣም።

«እኔስ ታዲያ ምን ልብላ?» ሲል ጅቦ አለቃቀሰ።

«እስከ በረሃው ድረስ ጨዌን ያፈሰስክበት መንገድ አለልህ» አለው አንበሶ። «እየላስክ ሂድ!»

ከዚህ የምንማረው፣ የቤትን ሠራተኛ በድሎ ለውጭ ሰው የሚደረግ ቸርነት ምስጋና ቢያስገኝም ትርፍን እንደማያበረክት ነው።