ገብስ ያበቀለው የጎንጤ ግድግዳ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ፣ እራት አልበላችሁም እንዴ? ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ጎንጤ የሚባል ሰው ነበረ። በሬ አለው፣ በግ አለው፣ ጎተራው ሙሉ ነው። እጁ ግን አንዴ ከጨበጠ አይፈታም። ድመቱ ስትራብ እንኳ «አይጥ አለልሽ» ብሎ ያባርራት ነበር።

ታዲያ አንድ ክረምት ዝናቡ የቤቱን ግድግዳ ክፉኛ መታው። ምርጊቱ ረገፈና ማገሩ ገጠጠ። በቀዳዳው ነፋስ ይገባል፣ ዶሮ ይገባል፣ የጎረቤት ዓይን ይገባል። ጎንጤ ግን ፦ «ነፋስ አይበላ፣ አይጠጣ፤ ይግባ» ብሎ ተቀመጠ።

ክረምቱ አለፈ። እህሉ ታጨደና ተወቃ። ከዚያም ለልጁ ለእንጉዳይ ከወንዝ ማዶ ሽማግሌ ሊላክ መሆኑ ተሰማ። የሚያስጠይቃት ወጣት ጎበዝ ገበሬ ነው፤ እንጉዳይም ከልቧ ወዳዋለች። እናቷ የሺ ይህን ታውቃለችና ባሏን ለመነችው።

፦ «አንተ ሰው፣ ሽማግሌዎቹ በሃያ ቀን ውስጥ ይመጣሉ። ይህን የገጠጠ ቤት ካዩ፣ ‹ቤቱን ያልያዘ ሰው ምን ልጅ ያሳድጋል› ብለው ይመለሳሉ። የልጄ ነገር ያከትማል። እባክህ ደቦ ጥራ።»

፦ «ደቦ!» አለ ጎንጤ፣ እሾህ የወጋው ይመስል። «ሃያ ሰው ግማሽ ቀን ጭቃ ረግጦ ቀኑን ሙሉ ሊበላኝ? እኔው እመርገዋለሁ።»

ጎረቤታቸው እትዬ ደብሬ በአገሩ ግድግዳ በመምረግ የታወቀች ናት። አሳዘናትና መጥታ መከረችው።

፦ «ጎንጤ፣ ጭቃውን በጤፍ ጭድ አቡካውና ሳምንት ይደር። ጭዱ ነው አጥብቆ የሚይዘው።»

፦ «ጭዱን በሬዬ ይበላዋል። ግድግዳ ምን ሆድ አለውና ነው የምቀልበው?»

የሚሰማ መች ሆነና! ወደ ሰው አውድማ ሄደና ገብስ ተወቅቶ የቀረውን ጥራጊ በስልቻ አፍሶ መጣ። እሱን ከጭቃው ጋር ቀላቀለና በዚያው ቀን ረግጦ በዚያው ቀን መረገው። ወገቡ ሊቆረጥ ደረሰ። ግን ከጎተራው አንዲት ፍሬ አልጎደለችምና ደስ ብሎት ተኛ።

መቼም የአውድማ ጥራጊ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ግድግዳው አረንጓዴ ለበሰ። ገብስ በቀለበት! የሺ ደንግጣ ልትነቅል እጇን ስትዘረጋ ጎንጤ ለቀም አደረጋት።

፦ «አብደሻል? ሳላርስ ሳልዘራ የበቀለልኝ እህል ይነቀላል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣው ጀመር። አዎ፣ የጭቃ ግድግዳ ውሃ ያጠጣል! መንገደኛ ቆም ይልና ፦ «ጎንጤ፣ አረሙ መቼ ነው?» ይለዋል። እሱ ቀልዱ መች ይገባዋል፤ ፦ «ትረዳኛለህ?» ይላል። እንጉዳይ ግን ከሰው ዓይን ሸሽታ ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር። ያቺ ልጅ ዛሬም ሳስባት አንጀቴን ትበላዋለች።

ሃያው ቀን ደረሰና ሦስት ሽማግሌዎች በበቅሎ መጡ። በቅሎዎቹን ደጅ አሰሩና ገብተው ተቀመጡ። ጎንጤ መቀመጫ ሰጣቸው፤ ሌላ ምንም አልሰጣቸውም። የሁሉም ታላቅ አባ ደግፌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

፦ «እንግዲህ የመጣነው፣ ልጅህን ለልጃችን...»

ይህን ሲሉ ግድግዳው ተንቀሳቀሰ። ለካ በቅሎዎቹ ገብሱን አግኝተውት ኖሯል! አንደኛዋ ከሥሩ ነክሳ ሳበችው። ውሃ የጠገበው ምርጊት ከነገብሱ ዘጭ አለ። የበሰበሰው ማገርም ተከተለው። ከዚያም የበቅሎዋ ጭንቅላት ወደ ቤት ገባና፣ ገብሷን እያኘከች፣ በጎንጤና በአባ ደግፌ መካከል ቆመች።

የበቅሎዋ መንጋጋ ብቻ ይሰማል።

፦ «ጎንጤ፣» አሉ አባ ደግፌ ቀስ ብለው፣ «እኛ ከመጣን ውሃ እንኳ አልቀመስንም። በቅሎዬን ግን አጥግበህልኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ብለውም ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ሁለቱም ተከትለው ተነሡ። እንጉዳይ ከጓዳ ሆና ሰማችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ይኼኔ የሺ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ብላ የኖረችው የሺ፣ ወደ ቀዳዳው ሄደች። የበቅሎዋን ጭንቅላት ገፋ አደረገችና አንገቷን ወደ ውጭ አውጥታ ጮኸች።

፦ «አገሬው ስማ! ጎንጤ ለነገ ደቦ ጠርቷል! ሰንጋ ይጥላል! ልጅ ያለው ከነልጁ፣ እንግዳ ያለው ከነእንግዳው ይምጣ! ሽማግሌዎቹም እዚሁ አድረው አብረውን ይበላሉ!»

ከዚያም ዞር ብላ ባሏን አየችው።

፦ «እስቲ ውሸቷን ነው በል።»

ጎንጤ አፉን ከፈተ። ሽማግሌዎቹን አየ። በቅሎዋን አየ። አፉን መልሶ ዘጋው።

በማግስቱ መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። እትዬ ደብሬ ለራሷ ቤት አቡክታ ያሳደረችውን ጭቃ አመጣች። ወንዱ ተሸከመ፣ ሴቱ መረገ፣ ግድግዳውም ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ አለቀ። ሰንጋውም አለቀ። አባ ደግፌም እንጉዳይን እንደገና ጠየቁ፤ የጠየቁት ግን ጎንጤን ሳይሆን የሺን ነው። ጎንጤማ ጥግ ይዞ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቤቱ እስኪጠግብ ይበላ ነበር። የሌላ ሰው ድግስ መስሎት ይሆናል።

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ደግሞ በዳቦ አብሱልኝ። ከመካከላችሁ ጎንጤን የሚመስል ካለ፣ መጀመሪያ እሱ ይቁረስልኝ።