የአቶ ገላው ሰናድር

በአንድ ወቅት ወንድሞቼን በአባታችን ተዝካር ላይ፣ በሰው ፊት አዋርጃለሁ። «እኔ» እያልኩ ልናገረው ስለማልደፍር እንደ ሌላ ሴት ታሪክ ላውጋችሁ።

አቶ ገላው የሚባሉ የወሎ ሰው ነበሩ። የቤታቸው ኩራት ሰናድር የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ነበር፤ ቅድመ አያታቸው መቅደላ ላይ ከእንግሊዝ ወታደር ማረኩት ይባላል። ሊሞቱ ሲሉ ሦስት ልጆቻቸውን ጠርተው «ጠመንጃው ለስሜ ለቆመ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ትልቁ ደምለው የቆመው ቀድሞ፣ አባቱ በሕይወት ሳሉ ነው። መሣሪያ በሚገፈፍበት ዘመን ሰናድሩን ከጎተራ ሥር ቀበረው። «አምጣ» ተብሎ ሲገረፍ «የለኝም» ብሎ ጸና። ግራ እግሩን እስከ ዛሬ ይጎትታል።

ትንሹ ይመር የቆመው በኋላ ነው። የአውራጃው ሙዚየም የጠመንጃውን ፎቶ ከቅድመ አያታቸው ስም ጋር ሊሰቅል ፈለገ፤ የእንግሊዝ ሠራዊት መሆኑ ግን ይረጋገጥ አለ። ይመር አዲስ አበባ የድሮ መሣሪያ በመለየት ሥራ ለምትኖረው እህቱ ለባንቺአምላክ ደወለ።

«እትዬ፣ የሠራዊቱ በምን ይታወቃል?»

«ከቃታው በላይ፣ በጎኑ ያለውን ብረት እይ። እዚያ ከታተመው ዘውድ ሥር የእንግሊዝ ንግሥት ስም ሁለት ፊደላት ካሉ፣ የመንግሥት ምልክት የሆነችው ቀስትም ከታተመች የሠራዊት ነው። ዘውዱ ብቻውን ከሆነ ለነጋዴ የተሠራ ነው።»

ዘውዱ ብቻውን ነበር። ይመር አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ፊደላቱንም ቀስቷንም አስቀረጸ።

በተዝካሩ ቀን የሙዚየሙ ሰዎች ከዳሱ ገብተው ተቀመጡ። ጠመንጃውን ለባንቺአምላክ ሰጥተው «መስክሪ» አሏት። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። የፋብሪካ ማኅተም ብረቱ ውስጥ ይሰምጣል፤ ይኸኛው ተጭሯል፣ ጭረቱም ያበራል። ደሟ ፈላ። በስልክ በነገረችው በገዛ ቃሏ ነው ያታለሏት።

«ጋሼ፣ አንተም ታውቅ ነበር?»

ደምለው አንገቱን ደፋ። «ዝም በይ አንቺ። የተገረፍኩበት ነው።»

«የተገረፍክበት የነጋዴ ዕቃ ነው» አለች፣ ዳሱ ሁሉ እየሰማ። «ፊደሉ የዘንድሮ ነው።»

«ብረት ስታሽ ኖራ የአባቷን ስም የምትፍቅ ሴት ዛሬ አየሁ» አለ ይመር።

«የፋቅኸውስ አንተ፣ በአንጥረኛ መሮ።»

አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ እንግሊዝ ሁሉ የመንግሥት ጠመንጃ ብቻ ነበር የሚይዝ?»

በገንዘቡ ከነጋዴ ገዝቶ የሚዘምት መኮንን እንደሚኖር ባንቺአምላክ አሳምራ ታውቃለች። ጠመንጃው የነጋዴም ሆኖ ምርኮ ሊሆን ይችላል። ንዴቷ ግን አፏን ያዘው።

«እኔ ያየሁት ብረቱን ነው» ብላ ዘጋቻቸው።

የሙዚየሙ ሰዎች ፎቶ ሳያነሱ ሄዱ። ሰናድሩ በሽማግሌዎች እጅ ፍርድ ይጠብቃል።

እንግዲህ ፍረዱ። አቶ ገላው «ለስሜ የቆመ» ያሉት የተገረፈውን ነው፣ ያስቀረጸውን ወይስ የተናገረችውን? ጠመንጃው ለማን ይገባል? እኔን ግን ያን ዕለት እያወቅሁ ስላስቀረሁት ቃል ይቅር በሉኝ።