ከደብሪቱ አልጋ ሥር

በአንድ ወቅት ጓንጉል የሚባል ልብስ ሰፊ ሚስቱን ደብሪቱን ለማሳከም ከመሀል ሜዳ ከተማ ወደ አዲስ አበባ ይዟት መጣ። ሦስቱ ልጆቻቸውም አብረው መጡ። ትልቋ ትርሲት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ናሁሰናይ አሥራ ስድስት፣ የመጨረሻዋ ስመኝ ደግሞ አሥራ አራት። ልጆቹ ይምጡ ያለችው ደብሪቱ ራሷ ናት። «ብድንም ባልድንም ዓይናቸውን እያየሁ ይሁን» ብላ ነበር።

ሆስፒታሉ አሥራ አንድ ቀን አስተኛት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሐኪሙ ጓንጉልን ወደ ኮሪደሩ ጠራውና፣ «ከዚህ በላይ የምናደርግላት ነገር የለም። አገሯ ልመልሳት ብትልም መንገዱን አትችለውም። እዚሁ ቅርብ ቦታ ፈልገህ አሳርፋት። የሕመም ማስታገሻ እንሰጥሃለን፣ ነርስም እየመጣች ታያታለች» አለው።

«ስንት ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀ ጓንጉል።

«ብዙ አይደለም» አለ ሐኪሙ።

ከሆስፒታሉ ማዶ አንድ አነስተኛ ሆቴል ነበር። ጓንጉል ምድር ቤት ያለችውን ክፍል ተከራየ። የቤተሰብ ክፍል ትባል እንጂ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ አልጋ ከገቡባት በኋላ የቀረው ወለል አንድ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያሳልፍ ነው። አልጋዎቹ ደግሞ ከግድግዳው ጋር በብሎን ታስረዋል። ሰፊው ላይ ደብሪቱ ተኛች። ፍራሹ ትንሽ በተነቃነቀ ቁጥር ስለምትጮህ ከእሷ ጋር ማንም ሊተኛ አልቻለም። ጠባቡን ጓንጉል ያዘ።

የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ አልታዬ ልጆቹን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩና፣ «ይህ ክፍል ለባልና ሚስት፣ ከበዛም ለሕፃን ነው። እነዚህ ሦስቱም ከእኔ ይረዝማሉ» አሉ። ሌላ ባዶ ክፍልም አልነበረም። ስለዚህ ልጆቹ ከተማው ጫፍ ላይ ከሚኖረው አጎታቸው ዘንድ ማደር ጀመሩ። ነገር ግን ደብሪቱን ቀን ቀን መድኃኒቱ ያደነዝዛታል። የምትነቃው ሌሊት ነበር። ሌሊት ስትነቃ በየተራ ስማቸውን እየጠራች ትፈልጋቸዋለች፤ ጠዋት ሲመጡ ግን ተኝታ ያገኟታል። ጓንጉል ይህን ሲነግራቸው ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ።

መጀመሪያ የተነሣችው ትርሲት ናት። በማግሥቱ ወደ ወይዘሮ አልታዬ ሄደች።

«እትዬ፣ አንዳችን እንኳ አብረናት እንደር።»

«ልጄ፣ አምና እዚሁ ቤት ሰው ሞተብኝ። ዘመድ ግቢውን ሞልቶ ሲያለቅስ እንግዳው ሁሉ ሻንጣውን እያነሣ ወጣ። ያኔ ሦስት ሠራተኛ አሰናብቻለሁ። እንደገና አልችለውም።»

ትርሲት ዙሪያውን ስታይ ጓሮው ውስጥ የተከመረ አንሶላ አየች። አጣቢዋ ልትወልድ ወደ ቤቷ ሄዳለች።

«ይህን ሁሉ እኔ ልጠብልዎት።»

ወይዘሮ አልታዬ የአንሶላውን ክምር አዩት። ከዚያ፣ «አንድ ሰው። ከእናትና ከአባትሽ ሌላ አንድ ብቻ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ዘበኛው አራተኛ ሰው ካየ ሁላችሁንም አስወጣለሁ። ፍራሽ ግን የለኝም፣ እሱን እናንተ ፈልጉ» አሉ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ትርሲት ቀኑን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ትውል ጀመር። በረኪናው ጣቶቿን ሰነጣጠቃቸው። የእናቷ ክፍል ከማጠቢያው ጋር የሚጋራው አንድ ግድግዳ ነው። እናቷ ስታቃስት ይሰማታል፤ ትታ ብትገባ ግን ፈቃዱ ይቀራል። ስለዚህ እያለቀሰች ታሻለች።

ፍራሹን ለማምጣት የተነሣው ናሁሰናይ ነው። ለመግዛት አቅም ስላልነበራቸው ከአጎቱ ቤት የአጎቱ ልጅ የምትተኛበትን ስፖንጅ ለምኖ ወሰደ። ጊዜው ክረምት ነበር። ታክሲዎቹ ሁሉ «ይህን ይዘህማ አትገባም» አሉት። በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በራሱ ተሸክሞ፣ በዝናብ ከተማውን አቋርጦ በእግሩ መጣ። ከጠዋት ተነሥቶ ሆቴሉ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

በዚያው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ደብሪቱ ነቃች። እንደ ሌሎቹ ቀናት አልነበረም፤ ዓይኗ ጠራ፣ ውሃ ጠየቀች፣ ልጆቼን ጥሩልኝ አለች። ትርሲት እጇ በሳሙና እንደተለወሰ ሮጣ መጣች። እናቷ ጉንጯን ዳብሳ መረቀቻት። ስመኝንም ወደ ደረቷ አስጠግታ መረቀቻት። ከዚያ በሩን ማየት ጀመረች።

«ናሁስ?»

«ፍራሽ ሊያመጣ ሄዷል፣ እማዬ» አለች ስመኝ። «አንቺ አጠገብ ልንተኛበት ነው።»

«ፍራሹ ይቅር፣ እሱ ይምጣ» አለች። ብዙ ጠበቀች። ዓይኗን በሩ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ወሰዳት። ናሁሰናይ ከአንድ ሰዓት በኋላ እርጥብ ልብሱን ለብሶ ገባ። ከዚያ ወዲያ የደብሪቱ አንደበት ተያዘ።

ፍራሹም ቢሆን አልገባ አለ። በአልጋውና በማዶው ግድግዳ መካከል ያለው ቦታ ጠቧል። ናሁሰናይ አጥፎ ሊያስገባው ሲታገል የደብሪቱን ፍራሽ ነቀነቀውና ጮኸች። ጓንጉል፣ «ተወው ልጄ፣ መልሰው። አይሆንም» አለ።

ስመኝ ግን ከአባቷ ኪስ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አወጣች። ተንበርክካ ወለሉን ለካች፣ በሩ ሲከፈት የሚይዘውንም ቦታ ለካች። ከኩሽና ቢላ ተውሳ መጣችና ፍራሹን ኮሪደሩ ላይ አስተኝታ መቁረጥ ያዘች። አባቷ ከክፍሉ ብቅ ሲል ግማሹ ተቆርጧል።

«ስመኝ! የሰው ንብረት እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች፤ እጇ ግን አላቆመም። ጨርቁን መልሳ ሰፋችው። በአባቷ ልብስ ስፌት ቤት ካደገች ልጅ እንደሚጠበቀው ስፌቱ የተስተካከለ ነበር። ፍራሹ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ልክ ገባ። ማታ አጎቷ ነገሩን በስልክ ሲሰማ ተቆጣ። «ሁለቱ ይምጡ፣ ቤታቸው ነው። እሷን ግን ደጄ እንዳላያት» አለ። ያን ሌሊት ስመኝን ስታለቅስ ያየቻት አንዲት የሆቴሉ ምግብ አብሳይ ወስዳ ከልጆቿ ጋር አሳደረቻት። ፍራሹም ያን ሌሊት ባዶውን አደረ፤ ልጆቹ እርስ በርስ የገጠሙት ጭቅጭቅ ሳያልቅ አንድ ሰዓት ሞልቶባቸው ነበርና።

ጭቅጭቁ ይህ ነው። ናሁሰናይ ተኝቶ ሲሞክረው ከጉልበቱ በታች ከፍራሹ አልፎ በሩን ዘጋ። ትርሲትም ተጣጥፋ ካልሆነ አልበቃት አለ። ስመኝ ስትተኛበት ግን ልክ ሆነ።

«ለራስሽ ልክ ነው የቆረጥሽው» አላት ናሁሰናይ።

«በሩ እንዲከፈት ነው።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«ሁለቱንም አስቤ ነበር» አለች ስመኝ።

በማግሥቱ ወደ ማምሻው ላይ ነርሷ መጣች። የደብሪቱን እጅ ይዛ ብዙ ቆየች። ጓንጉልን ወደ ውጭ ጠርታ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ሌሊቱ ከነጋላት ትልቅ ነገር ነው። ነገ ይሆናል ብላችሁ የምታቆዩት ነገር አይኑር» አለችው። ልጆቹ ከበሩ ኋላ ሆነው ሰሙ። በየሌሊቱ እየተፈራረቁ ለማደር ያሰቡት ነገርም እዚያው ቀረ። የቀረው አንድ ሌሊት ነበር።

ጓንጉል፣ «እኔ ልውጣ፣ ሁለታችሁ እደሩ» አለ። ሊነሣ እጁን ከደብሪቱ እጅ ሲያላቅቅ ማቃሰት ጀመረች፤ ጣቶቿ አንሶላው ላይ ይፈልጉት ጀመር። መልሶ ሲይዛት ጸጥ አለች። ሁለተኛም ሞከረ። ያው ሆነ። ተመልሶ ተቀመጠ። ትርሲት ወይዘሮ አልታዬን ደግማ ለመነች። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ቃላችን አንድ ሰው ነው» አሉ።

ትርሲት ተመልሳ ገባችና፣ «አባዬ፣ ፈቃዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። እናንተ አጠገቧ ስትሆኑ እኔ በግድግዳ እየሰማኋት ነው የዋልኩት። ይህችን ሌሊት እንኳ ልያት» አለች።

ናሁሰናይ፣ «እነሱን መርቃቸዋለች። እኔን ጠርታ አጣችኝ። ምናልባት ከነቃች የምትፈልገው እኔን ነው» አለ።

ስመኝ፣ «እኔ ማደሪያ የለኝም፤ እሱ ይቅር» አለች። «ግን ትርሲት አሥራ ስምንት ዓመት አብራት ኖረች። ናሁ አሥራ ስድስት። የእኔ አሥራ አራት ብቻ ነው። ከሁሉም ያነሰው የእኔ ነው።»



ጓንጉል ወደ ሚስቱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ፣ «ደብሬ፣ ማን ይደርልሽ?» አላት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጠጋ ብሎ አዳመጠ። ድምፅ አልነበረውም።

በሩ ተንኳኳ። ዘበኛው ነው። «ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሁለቱን ልሸኛቸው።»

ሦስቱም ልጆች ከግድግዳው ጋር ተደግፈው አባታቸውን አዩ። ጓንጉልም በአንድ እጁ የሚስቱን እጅ እንደያዘ ሦስቱን አያቸው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ትርሲት ፈቃዱን ባታመጣ ቦታው አይኖርም ነበር። ናሁሰናይ ፍራሹን ባይሸከም፣ ስመኝም ባትቆርጠው እንደዚሁ። በጓንጉል ቦታ ብትሆኑ፣ ያቺ ቦታ ለማን ትገባለች ትላላችሁ? ለሁለቱስ ምን ብላችሁ «ውጡ» ትሏቸዋላችሁ?