ቆቆች የጮኹ ዕለት

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም ጆሯችሁን አውሱኝ። ጫካው በታወከበት ዘመን ሸለምጥማጥ፣ «ረብሻው የመጣው በጫጩቶች ጩኸት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ጩኸት የሚያስተምርም የሚማርም ወዮለት!» ብሎ አወጀ።

እመት ቆቅ አንገቷን ደፍታ የምትኖር ታጋሽ እናት ነበረች። ከስምንት ጫጩቶቿ ሰባቱን ሸለምጥማጥ በልቶባት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ቀርታታለች። ልጅቱ ግን አዋጁን ንቃ ኩይሳ ላይ ወጣችና የሰፈሩን ጫጩቶች ሰብስባ፣ ጠላት ሲመጣ እንዴት እንደሚጮኽ ታስተምር ጀመር።

«ውረጂ የኔ ልጅ! እኛ ዝም ብለን ነው የኖርነው። ነገሩን ለእግዜር ስጪው» አለቻት እናቷ።

«እማዬ፣ ዝም ስትሉ ሰባቱ ወንድሞቼ የት ደረሱ? እግዜርስ ጉሮሮ የሰጠን ለምን ይመስልሻል?»

ወዲያው ሸለምጥማጥ ከቁጥቋጦው ብቅ አለና፣ «ማን ፈቀደልሽ፣ አንቺ እፍኝ የማትሞይ?» ብሎ ልጅቱ ላይ አፈጠጠ።

እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች ኩይሳው ላይ ወጥታ ከልጇ ፊት ቆመች። «እኔ እናቷ!» አለችና በሻከረ ድምጿ ጮኸች። ጫጩቶቹ ተቀበሏት፤ ከማዶ ያሉት እናቶችም ተቀበሉ። ሸለምጥማጥ የት እንደቆመ ጫካው ሁሉ አወቀ። በሄደበት ሁሉ ጩኸቱ እየቀደመው፣ ያን ቀን ጦሙን አደረ።